የአስራ አንደኛው ትከሻ

በሰንበሌጥ ሜዳ ከተማ «ትዝ ይለኛል» የሚል ሰው ከጠፋ ሃያ ዓመት አልፎታል። ማንም አልከለከለም፤ አዋጅም አልወጣም። ሰው ራሱ ተወው። በየቤቱ ከመብራት ቆጣሪው ጎን የተሰቀለው መዝጋቢ፣ አንዱ «ትዝ ይለኛል፣ ያኔ...» ብሎ ወሬ ሲጀምር ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ያደርገዋል፤ ከዚያ በትሕትና ያርማል። ቀኑ ማክሰኞ ሳይሆን ሐሙስ ነበር ይላል። የተጣሉት ሦስት ሳይሆኑ ሁለት ነበሩ ይላል። አንድ የሰርግ ሽማግሌ ከሙሽራው አባት ጋር በልጅነታቸው ወንዝ ሲዋኙ እንዳደጉ ሲያወራ፣ መዝጋቢው በእነዚያ ዓመታት ወንዙ ደርቆ እንደነበር በሁለት መቶ ሰው ፊት ተናገረ። ሽማግሌው አንገቱን እንደደፋ በላ፤ አንገቱን እንደደፋ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የከተማው ሰው ስለ ሙቀቱና ስለ ጉልበት ሕመም ማውራት መረጠ።

ሃምሳ አለቃ ኢዮስያስ ጫንያለው ግን ትዝታውን አልተወም። ዋጥ አድርጎ ይዞት ይኖራል እንጂ። ሰባ አራት ዓመቱ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልወለዱም። በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ፊቱን ሳይታጠብ መዝጋቢው ፊት ቆሞ «አለሁ» ይላል። አለሁ ያላለ ጡረተኛ እንደሞተ ይቆጠራል። መዝጋቢውም «ደህና አደሩ፣ ጡረተኛ» ብሎ ይመልስለታል።

ለሌላ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ኢዮስያስን ግን ይህች ቃል አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እንደ ጥፊ ስታገኘው ኖራለች። በግድግዳው ማዶ ያለውን ጎረቤቱን፣ በሕይወቱ ሦስት ጊዜ ብቻ የበረረውን ሰውዬ፣ መዝጋቢው «ደህና አደሩ፣ ሻምበል» ይለዋል፤ ጥርት ብሎ ይሰማል። ኢዮስያስ አራት መቶ አስራ ሁለት ጊዜ በርሮ «ጡረተኛ» ነው። ለምን ቢባል፣ በስኳድሮኑ ታሪክ ውስጥ ስሙ የለም። በራሪ ተብሎ የተጻፈው መሪ የጨበጠ ብቻ ነው። በር የያዘ አልተጻፈም።

ያ ስኳድሮን ጭላት ይባል ነበር። በወረቀት ላይ 19ኛው ልዩ ዘመቻ በራሪ ስኳድሮን ነው። በ2051 ዓ.ም. በአራት ሄሊኮፕተር ተቋቋመ። ሥራው መንገድ በሌለበት ወርዶ፣ ሰው አድርሶ፣ ሰው አንስቶ፣ ማንም ሳያየው መመለስ ነው። ታጋቾችን አስለቅቋል። ጎርፍ የከበባቸውን ሰዎች ከጣራ ላይ ለቅሟል። ማንነታቸው ያልተነገረ ሰዎችን ወዳልተነገረ ቦታ አድርሶ ባዶውን ተመልሷል። ኋላ ላይ ሄሊኮፕተሮቹ ራሳቸውን ማብረር ሲችሉ አብራሪዎቹ ተቀነሱ። ሕጉ ግን የሰው ቃል ሳይሰማ ሄሊኮፕተሩ አይነሳም ስለሚል፣ ስድስት ሰዎች በአንድ ክፍል ተቀምጠው በፈረቃ «እሺ» እንዲሉ ተቀጠሩ። እሺ ባዮች ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እሺ ብለዋል። እምቢ ያለ የለም፤ ለነገሩ እምቢ የሚባልበት ቁልፍ ከተበላሸ ሰባት ዓመቱ ነው፤ ያሠራውም የለም።

በ2103 ዓ.ም. ስኳድሮኑ ግንቦት መጨረሻ ላይ እንዲዘጋ ተወሰነ። ስኳድሮን ሲዘጋ ታሪኩ ይታሸጋል። የታሸገ ታሪክ ደግሞ አይከፈትም፤ ስም አይጨመርበትም፣ አይፋቅበትም። ኢዮስያስ ይህን ሲሰማ ሱሪውን አስተኩሶ ማመልከቻ ይዞ ሄደ። በሕይወቱ ከዚያ ሌላ የቀረችው ጉዳይ የለችም። ስሙ ትግባ፤ በቃ።

የስኳድሮኑ አዳራሽ በኮሎኔል ፊሊሞን ተካልኝ ስም ነው የተሰየመው። ኮሎኔሉ ከሞቱ ቆይተዋል፤ መግቢያው ላይ ያለው ፎቷቸው ግን ሰው ሲያልፍ ፈገግ ይላል። ጎብኚው ሁሉ ይወደዋል። ኢዮስያስ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። ሰውዬው ሻምበል በነበሩ ጊዜ፣ ያ ፈገግታ ብቅ ሲል ቀጥሎ የሚመጣው ዘለፋ ነበር።

ዘለፋው የመጣበትን ምክንያት ለመረዳት የበረኛን ሥራ ማወቅ ያስፈልጋል። ወረቀቱ «የበር ተቆጣጣሪ» ይላል፤ አብራሪዎቹ «በረኛ» ነበር የሚሉት። ሄሊኮፕተር ቆላ ሲያርፍ አቧራው ተነስቶ ሁሉን ስለሚሸፍን ሰው የገዛ እጁን አያይም። ስለዚህ ቆጠራው በመዳፍ ነው። በረኛው የኋላው በር ቀኝ ጠርዝ ላይ ይቆምና የሚገባውን ሁሉ ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ይነካል፤ በነካ ቁጥር ቁጥሩን ይጠራል። የሚወርድ ካለ አንድ ይቀንሳል። ሲጨርስ «ሞልቷል» ይላል፤ ያች ቃል ሳትሰማ አብራሪው መሬት አይለቅም። ከተጠራጠረ «ይደገም» ይላል። ያኔ ሁሉም ወርዶ እንደ አዲስ ይገባል። ጄኔራልም ቢሆን የበረኛው እጅ ሳይነካው ከገባ አልገባም። እንዲህ ያለ ሥልጣን አንድ ስምንተኛ ክፍል ያልጨረሰ ሰው እጅ ላይ መውደቁ፣ በውጭ አገር ተምረው የመጡትን አብራሪዎች ሳይቆጫቸው አልቀረም።

በ2061 አንድ የትርዒት ቀን፣ ትልልቅ ሰዎች ዳስ ውስጥ ተቀምጠው በሚያዩበት ሰዓት፣ ኢዮስያስ አስራ ሁለት ትከሻ ነካ። መግባት የነበረበት አስራ አንድ ነው። «ይደገም» አለ። ወታደሮቹ ወረዱ፤ እንግዶቹ በፀሐይ ጠበቁ፤ ሻምበል ፊሊሞን በእንግዶቹ ፊት ደም መሰሉ። ሲጣራ አንድ የቴሌቪዥን ካሜራ ያዥ ሾልኮ ገብቶ ኖሯል። ኢዮስያስ ትክክል ነበር። ግን ማን ትክክል ነህ አለው? ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ድገመው» ሆነ። ምግብ ቤት ሲገባ «ድገመው መጣ፣ ዳቦውን ቁጠሩ» ይሉታል። ደመወዝ ሲፈርም «ድገመው፣ ሁለቴ እንዳትፈርም» ይሉታል። ሻምበሉ ከሁሉ የከፋ ነበሩ፤ በረራ ላይ ሳይቀር በማዳመጫው «ድገመው፣ ዛሬስ ቁጥር ታውቃለህ?» እያሉ ሠራተኛውን ሁሉ ያስቁበታል። ዓመት ሙሉ። ሰው በዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ይሳቅበታል?

በአዳራሹ ያለችው መዝገብ ያዥ ሃሴት የምትባል ደርባባ ልጅ ናት። ወንበር ሳበችለት።

«አባባ፣ የስኳድሮኑ ማኅደር ማመልከቻዎን ተቀብሏል። በረራዎችዎን አንድ በአንድ አድምጦ አራት መቶ አስራ አንዱን ጨርሷል።»

«አንዷስ?»

«አንዷ ላይ ያልተጠናቀቀ ንግግር አለችዎ። እሷን ከጨረሱ ስምዎ ይገባል። ማዕረግዎም ይጠራል።»

ያልተጠናቀቀ ንግግር በዚያ ዘመን የተለመደ ጉዳይ ነው። ሰው ሁሉ ያቋረጠውን ሊጨርስ በየጊዜው ይጠራል። ከሠላሳ ዓመት በፊት በስልክ «እኔ እኮ አንተን...» ብላ ያቋረጠች ሴት፣ ሰውዬው ሞቶ እንኳ ሄዳ ጨርሳለች። ሰልፉ ረጅም ስለነበረ ከኋላዋ የቆሙት ቶሎ በይ እያሏት ነው የጨረሰችው ይባላል።

«የትኛዋ በረራ ናት?» አለ ኢዮስያስ። እያወቀ ነው የጠየቀው።

«ቀይ ገደል፤ ኅዳር 2062።» ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጉዳዩ የሚነካቸው አንዲት ወይዘሮ ስላሉ ደንቡ ያዘናል፣ ጥሪ ልከንላቸዋል። ከኋላ የተቀመጡት ናቸው። ሶልያና ሚልኪያስ ይባላሉ።»

ኢዮስያስ ዞር አላለም። አንገቱ አልታዘዘውም።

ሃሴት የተቀዳውን ድምፅ ለቀቀችው። በመጀመሪያ የሞተሩ ጩኸት መጣ። ከዚያ የአንድ ጎልማሳ ሰው ድምፅ፣ የራሱ፣ ቁጥር ይጠራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ትንሽ ቆይቶ አምስት። እንዲህ እያለ አስራ አንድ ደረሰ። «ሞልቷል» አለ። ሄሊኮፕተሩ ተነሳ። አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ሞተር ብቻ። ከዚያ ያው ጎልማሳ፣ እንደታነቀ ሆኖ፣ «ሻምበል፣ አንድ...» አለ።

የፊሊሞን ድምፅ ገባ። «ምንድነው ድገመው? ልትደግም ነው?»

ሳቅ። የሦስት ሰው ሳቅ ነው።

«ምንም አይደል ሻምበል። ምንም።»

ሃሴት አቆመችው። «እዚህ ጋ ነው አባባ። ‹ሻምበል፣ አንድ› ብለው ተዉት። አንድ ምን ሊሉ ነበር?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ቀን ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ ቀይ ገደል የወረዱት፣ የታገቱ የመብራት ኃይል ሠራተኞችን ያስለቀቁ አስራ አንድ ኮማንዶዎችን ለማንሳት ነበር። ሠራተኞቹ በሌላ ሄሊኮፕተር ቀድመው ወጥተዋል። ከኮማንዶዎቹ ሁለቱ ቆስለዋል። አንድ ጉልበተኛ ልጅ የመጀመሪያውን ቁስለኛ ተሸክሞ ገባ፤ ኢዮስያስ ቁስለኛውን ነክቶ ሦስት፣ ተሸካሚውን ነክቶ አራት አለ። ተሸካሚው በአቧራው ውስጥ ተመልሶ ሲወርድ አልታየውም። ሁለተኛውን ቁስለኛ ይዞ ሲመጣ ቁስለኛው ስምንት ሆነ፤ እሱም እንደገና ዘጠኝ ተባለ።

አልታየውም ማለት ግን አላወቀም ማለት አይደለም። እጁ አውቃለች። የልጁ የትከሻ ማንገቻ ተቀዶ በደም ርሶ ነበር፤ አራት ሲል መዳፉ የዳሰሰችውን ርጥበት ዘጠኝ ሲልም ዳስሳዋለች። መዳፉ «ይቺ ትከሻ ያቺው ናት» አለችው። ምላሱ ግን ዘጠኝ አለ። ይደገም ለማለት አፉን ከፈተ፤ የዓመት ሳቅ ጆሮው ላይ መጣ፤ አፉን ዘጋ። ከተነሱ በኋላ አቧራው ጠራ ሲል ጥግ ላይ ያለችው ወንበር ባዶ መሆኗን አየ። ያኔ ነው «ሻምበል፣ አንድ» ያለው።

የቀረው አስር አለቃ ሚልኪያስ ደበሌ ነው። የመጨረሻው ሰው እሱ ነበር፤ የጓዶቹን ጀርባ ጠብቆ በመጨረሻ ሊገባ ታዞ፣ ከድንጋይ ኋላ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል። በማግስቱ ሲመለሱ ዱካውም አልተገኘም። መርማሪዎች መጡ። «በሩ ላይ ስንት ትከሻ ነካህ?» ብለው ኢዮስያስን ጠየቁት። «አስራ አንድ» አለ። ማል አሉት፤ ማለ። ሐሰት አይደለም፤ አስራ አንድ ጊዜ ነክቷል። እንግዲህ ሚልኪያስ ገብቶ ከተቆጠረ፣ የጠፋው በገዛ ፈቃዱ ወርዶ ነው ማለት ነው። በማኅደሩ ላይ «ተሳፍሮ የወረደ» ተብሎ ተጻፈ። ከድቷል ማለታቸው ነው። ተሸካሚው ልጅ ሁለቴ መነካቱን ልብ አላለም፤ በዚያ አቧራ ማን ልብ ይላል። በስኳድሮኑ ውስጥ ኢዮስያስን «ድገመው» ብሎ ጠርቶት የማያውቅ አንድ ሰው ቢኖር ይኸው ሚልኪያስ ነው። «ጋሽ ኢዮስ» ነበር የሚለው።

አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ኢዮስያስ ጥፋቱን ሁሉ ለፊሊሞን ሰጥቶ ኖሯል። ባይስቅብኝ እናገር ነበር ይላል ለራሱ። እውነት ነው፤ ይናገር ነበር። ግን ሰውዬው ከሞቱ በኋላስ? ከሞቱ በኋላ አስራ አራት ዓመት ማን ሳቀበት?

«አባባ?» አለች ሃሴት።

«አንድ ኮዳ ውሃ አቀብሉኝ ልል ነበር» አለ ኢዮስያስ። «አቧራው ጉሮሮዬን ዘግቶት።»

የማኅደሩ ድምፅ ከጣራው በኩል መጣ። «የተነገረው ከተመዘገበው ጋር አይጋጭም» አለ።

«ይኸው፣ አለቀ» አለች ሃሴት ደስ ብሏት። «እንኳን ደስ አለዎ፣ ሃምሳ አለቃ። በመዝጊያው ቀን የድሮው ሄሊኮፕተር ለመጨረሻ ጊዜ ይነሳል፤ የሟች ቤተሰቦች ይሳፈራሉ። በሕይወት ያሉት በረኛ እርስዎ ብቻ ስለሆኑ በሩን እርስዎ ይይዙልናል። ስምዎ ከዚያ በኋላ ይነበባል።»

ያን ጊዜ ከኋላ የተቀመጠችው ሴት ተነስታ መጣች። አርባ አምስት ዓመት ይሆናታል፤ ጠጉሯ ያለጊዜው ሸብቷል። ነጠላዋን አስተካክላ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ላስቸግርዎ አልመጣሁም» አለች። «ስለ አባቴ አዲስ ነገር ይነገር ይሆን ብዬ ነበር፤ ካልሆነም አልሆነም። አራት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት ‹የወራጁ ልጅ› እያሉኝ ነው ያደግኩት። እናቴም እዝን ሳትቀመጥ ሞተች፤ ለከዳ ሰው ማን የለቅሶ ድንኳን ይተክላል። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎ። ትከሻውን የነኩት እርስዎ ነዎት። ይንቀጠቀጥ ነበር?»

«አይ... አይንቀጠቀጥም። ጠንካራ ትከሻ ነበር።»

«አልፈራም ማለት ነው።»

«አልፈራም።»

«እሱ ይበቃኛል» አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና መዳፉን ሳመችው። የእጁን ጀርባ ሳይሆን መዳፉን። «የአባቴን ገላ የነካ ሰው ሳገኝ የመጀመሪያዬ ነው» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት ላይ ከማቲያስ ገለቱ ጋር ምግብ ቤት ተቀመጡ። ማቲያስ የድሮ የስኳድሮኑ መካኒክ ነው፤ ጥርስ የለውም፣ ወሬ ግን ያኝካል።

«እንግዲህ በረኛም ታሪክ ገባ» አለ ማቲያስ። «ነገ ደግሞ ጎማ የነፋሁት እኔም እገባለሁ። ሐውልት ያቆሙልህ ይሆናል፤ በር ላይ። ዝናብ እየመታህ።»

ኢዮስያስ አልሳቀም። እንጀራውን ይቆርሳል።

«ሰውዬ፣ ምነው በግራህ?» አለ ማቲያስ።

ኢዮስያስ እጁን አየ። በግራ እጁ ነው የሚበላው። ቀኙ ጭኑ ላይ ተገልብጣ ተቀምጣለች፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። እናቱ በልጅነቱ በግራ በጎረሰ ጊዜ እጁን ትመታው ነበር፤ በስልሳ ዓመት ውስጥ ተሳስቶ አያውቅም። ቀኙን ለማንሳት ሞከረ፤ ተወው።

«አሞኛል።»

«ታመህማ አይደለም።» ማቲያስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ መዝጋቢ አለ። «የሚልኪያስ ልጅ መጥታ ነበር አሉ።»

«መጥታ ነበር።»

«ያን ቀን ሄሊኮፕተሯን ያጠብኩት እኔ ነኝ» አለ ማቲያስ። «አስሩ ወንበር ጭቃና ደም ነው። ጥግ ላይ ያለችው አንዷ ንጹህ። እንደ ሙሽራ ወንበር ንጹህ። ቆሜ አየኋት። ከዚያ እሷንም አጠብኳት።»

ኢዮስያስ ቀና አለ። «ለማንም አልተናገርክም?»

«ማን ጠየቀኝ? መካኒክ ማን ይጠይቃል።» ሽሮውን በእንጀራው ጠረገ። «አንተን ግን ጠይቀውህ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ስለ ሙቀቱ አወሩ።

የመዝጊያው ቀን ግንቦት ሃያ ስድስት፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ነው። ሜዳው ላይ ነጭ ዳስ ተተክሏል፤ የ2061ዱ የትርዒት ዳስም እዚያው ቦታ ላይ ነበር የተተከለው። እሺ ባዮቹ ስድስቱም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰው ቆመዋል። አሮጌዋ ሄሊኮፕተር ቀለም ተቀብታለች። አብራሪ የላትም፤ ለበዓሉ ሲባል ግን የድሮውን ሥርዓት እንድትጠብቅ ተደርጓል። በረኛው ሞልቷል ካላለ አትነሳም።

ኢዮስያስ የድሮ ልብሱን ለብሶ የበሩ ቀኝ ጠርዝ ላይ ቆመ። ልብሱ ሰፍቶታል። ተሳፋሪዎቹ አስራ አንድ ናቸው፤ ከፊት ያለው የፊሊሞን ልጅ ነው፣ አባቱን የሚመስል፣ ያንኑ ፈገግታ የወረሰ ጎልማሳ።

«አባባ፣ ቁጥር አይረሱም አይደል?» አለው ሲገባ። ክፋት አልነበረውም። የማያውቀውን የአባቱን ቀልድ ነው የቀለደው።

«አንድ» አለ ኢዮስያስ ትከሻውን ነክቶ።

ሁለት። ሦስት። አንዳንዶቹ ያለቅሳሉ፤ አንዳንዶቹ በእጃቸው ፎቶ ያነሳሉ። አራት። አምስት። ሞተሩ ሲነሳ አቧራ ብድግ አለ፤ የሰንበሌጥ ሜዳ አቧራ እንደ ቆላው አይከፋም፣ ዓይን ግን ያስጨፍናል። ዘጠኝ። አስር።

አስራ አንደኛዋ ሶልያና ናት። የሟች ቤተሰቦች ተብሎ የተጠራው ዝርዝር ውስጥ ስሟ አልነበረም፤ ለከዳ ሰው ልጅ ጥሪ አይላክም። ሃሴት ናት ለምና ያስገባቻት። ሶልያና በሩ ጋ ስትደርስ ቆም አለችለት፣ ትከሻዋን አመቻችታ ሰጠችው፣ ዓይኗን ጨፍና። አባቴ እዚህ ጋ ነበር የቆመው ብላ ነው።

እጁን ዘረጋ። ትከሻዋ ቀጭን ነው፤ አጥንቱ በልብሱ ሥር ይታወቃል፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ቤት ሰው ትከሻ እጁ ስትነካ የመጀመሪያዋ ነበር። መዳፉ ይህን አወቀች። መዳፉ ድሮም ዋሽታ አታውቅም።

«አስራ አንድ» አለ። ድምፁ አልወጣም፤ ደገመው። «አስራ አንድ።»

ሶልያና ገብታ ጥግ ላይ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሌላ ወንበር አልቀረም ነበር።

«ሞልቷል?» አለች ሄሊኮፕተሯ። ድምጿ በዳሱ ውስጥ ሁሉ ይሰማል፤ ማኅደሩም ያዳምጣል።

ሕዝቡ ለማጨብጨብ እጁን አነሳ። ኢዮስያስ አፉን ከፈተ። ሳቁ ይመጣል ብሎ ጠበቀ፤ የሦስት ሰው ሳቅ። አልመጣም። የሳቁት ሁሉ ሞተዋል። የቀረው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

«አልሞላም» አለ።

«እባክዎ ይድገሙ።»

«አልሞላም። ሻምበል፣ አንድ ሰው ቀርቷል።» የበሩን ብረት ያዘ። «ቀይ ገደል ላይ አንድ ሰው ቀርቷል። አራተኛዋና ዘጠነኛዋ አንድ ትከሻ ናቸው። ሁለቴ ነካሁት፤ እየነካሁትም አውቄ ነበር። ሚልኪያስን አልነካሁትም። አልገባም፣ አልወረደም። ከድንጋዩ ኋላ ሆኖ ተራውን ሲጠብቅ ትተነው ሄድን። ውሃ አልጠየቅኩም። እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ ነው።»

ከዳሱ አንድ ሰው «ሽማግሌው ጃጅቷል፣ አውርዱት» አለ። እሺ ባዮቹ እርስ በርስ ተያዩ። ምን እንደሚባል የነገራቸው አልነበረም።

ማኅደሩ መለሰ። «የተነገረው ከተመዘገበው ጋር አይጋጭም» አለ፣ በዚያው በፊተኛው ድምፅ። «በአንድ ንግግር ላይ ሁለት ፍጻሜ ቀርቧል። የትኛው ይመዝገብ?»

«የዛሬው» አለ ኢዮስያስ።

«ተመዝግቧል። ተሳፍሮ የወረደ የሚለው፣ ተትቶ የቀረ በሚል ተተክቷል። ታሪኩ ታሽጓል።»

ሞተሩ ጠፋ። አቧራው ቀስ እያለ ተኛ። ተሳፋሪዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ፤ ማንም አልቆጠራቸውም። የፊሊሞን ልጅ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ወረደ። ማቲያስ ከዳሱ ጫፍ ቆሞ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል፤ አልቀረበም፣ አልሄደም።

ሶልያና የመጨረሻዋ ነበረች። ረጅም ጊዜ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ኢዮስያስ በበሩ ቀኝ ጠርዝ ቆሞ ይጠብቃታል። ትጮህብኛለች አለ በልቡ፤ ትመታኛለች፤ ምነው ባደረገችው። ሶልያና ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ጠበቅ አድርጋ። ከዚያ በግራ ጠርዝ በኩል፣ ከእጁ ርቃ ወረደች። ሜዳውን አቋርጣ ስትሄድ መጀመሪያ ቀስ ብላ ነበር፤ በኋላ ግን ፈጠነች፤ ድንኳን የምትተክልበት ቤት እንዳላት ሰው።

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ኢዮስያስ ፊቱን ሳይታጠብ መዝጋቢው ፊት ቆመ። ዛሬ ባይል ምን ይሆናል ብሎ አሰበ። ከዚያ አለው።

«አለሁ።»

«ደህና አደሩ፣ ሃምሳ አለቃ ኢዮስያስ ጫንያለው» አለ መዝጋቢው።

በግድግዳው ማዶ ጎረቤቱ ሳል አለ። ሰምቷል።

ስሙ ገብቷል ማለት ነው። በታሸገው ታሪክ ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተጽፏል፣ በዚያች ንግግሩ ሥር፤ መዝጋቢው ደግሞ የገባን ስም በሙሉ ማዕረጉ ከመጥራት ሌላ አያውቅም።

«ጡረተኛ በለኝ» አለው ኢዮስያስ።

«የታሸገ ታሪክ አይለወጥም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እባክህ።»

«መልካም ቀን ይሁንልዎ፣ ሃምሳ አለቃ ኢዮስያስ ጫንያለው።»

ኢዮስያስ ቀኝ እጁን ከጀርባው አድርጎ፣ ፊቱን በግራ እጁ ሊታጠብ ሄደ።